አሮጌ የሚመስል ቦርሳና አብሮ የሚያረጅ ቦርሳ

የምፈልገው ቦርሳ ከጅምሩ ግልጽ ነበር። ቡናማ ቆዳ፣ ሰፊ ክዳን ያለው፣ ከፊት በሁለት ዘለበት የሚቆለፍ፣ የድሮ ደራሲ ትከሻ ላይ ቢታይ የሚያምር። አንድ ወፍራም ልብ ወለድና ደብተር ሳይጨናነቁ የሚገቡበት። አሁን አግኝቼው አሥራ አራት ወር ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ ግን የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት የገዛሁት ቦርሳ ፎቶው ልብ ይሰርቃል፤ ጥግ ጥጉ የደበዘዘ፣ ከአያት የተወረሰ የሚመስል፣ «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ጽሑፍም የታተመበት። ስምንት ወር ሳይሞላው ማንጠልጠያው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተላጠና ከሥሩ ጨርቅ ብቅ አለ። ለካ የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ በሙጫ ተጣብቆ፣ ላዩ ፕላስቲክ ለብሶ፣ እርጅናው ደግሞ በቀለም የተሳለ ነው! ሻጩን ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ወድጄው ነበራ።

ሁለተኛው ሲደርሰኝ አሮጌ አይመስልም ነበር። ፈዛዛ፣ ደረቅ ያለ፣ እንዲያውም ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ግን ላዩ ያልተፋቀ፣ ከዛፍ ቅርፊት በሚገኝ፣ ታኒን በሚባል ማልፊያ የለፋ ቆዳ ነው። ክሮም በሚባል ኬሚካል የሚለፋው ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይበልጥ ይችላል፤ በቅርፊት የሚለፋው ሳምንታት ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላም ፀሐይና የእጅ ወዝ በነካው ቁጥር እየጠየመ ይሄዳል። የኔው ክዳን ጣቶቼ ሁልጊዜ የሚያርፉበት ቦታ ላይ አሁን የማር ቀለም ይዟል። ይህን ማንም አልሳለውም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

ስፌቱ በእጅ ነው፤ አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ በየቀዳዳው ከሁለቱም በኩል የሚያልፍ። አንዱ ቦታ ቢበጠስ የቀረው ይይዛል። ዘለበቱ ነሐስ ነው ተብያለሁ። ማግኔት አስጠግቼ አየሁ፣ አልሳበውም። (ዚንክም በማግኔት ስለማይሳብ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሳበው ግን ብረት ሳይኖርበት አይቀርም።) ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ የተቆረጠው ጠርዝ ነው። እዚያ የቆዳው ቃጫ መታየት አለበት። ጠርዙ ሁሉ በወፍራም ቀለም ከተሸፈነ ወይም ታጥፎ ከተሰፋ፣ ሻጩን በደንብ ጠይቁት።

ችግር የለውም አልልም። ባዶውን ራሱ ይከብዳል፤ ላፕቶፕ ሲጨመርበት ማንጠልጠያው ትከሻ ይቆርጣል፣ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ሊደረግለት ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ነጠብጣብ ጥሎበታል፣ በንብ ሰም ቅባት ባሸውም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሁለቱን ዘለበት በየጊዜው መፍታትና ማሰር ለሚቸኩል ሰው ፈተና ነው። ስፋቱንም ልብ በሉ፦ ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲሜትር ነው፣ እሱ ይገባል፤ ወረቀቱን የያዘው ፎልደር ግን ጥጉ ይታጠፋል። ስትለኩ በፎልደሩ ለኩ።

ልብ ወለዱን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የምከተው። ሰሞኑን ሳየው የመጽሐፉ ጥግ ቆዳውን ከውስጥ ገፍቶ ቅርጹ በውጭ በኩል ወጥቷል። በጣቴ እየዳሰስኩት ነው የምሄደው።