ዶማ፦ የሱቁ ወይስ የባሌስትራው?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ደውለው «ጓሮ ልንጀምር ነው፤ ምን ዓይነት ዶማ እንግዛ?» ብለውኛል። ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው፦ ከባሌስትራ፣ ማለትም የመኪና ጭነት ከሚሸከመው ብረት፣ የተቀጠቀጠውን ግዙ። ምክንያቱን ግን በስልክ ዘርዝሬ አልጨረስኩትም።

የእኛ ጓሮ 40 ካሬ ትሆናለች። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ቤተሰቡ ሁሉ ተጋግዞ ያለማባታል። አፈሩ ኮትቻ ነው። ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል። ዶማ የሚፈተነው እንዲህ ያለ አፈር ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ሰኔ 2016 ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበር። ከውጭ የመጣ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የሚስብ ዕቃ። ከነእጀታው 450 ብር። በሁለተኛው ሳምንት እጀታው የሚገባበት ቀለበት ተላቀቀ። ለካ አንድ ወጥ ብረት አልነበረም፤ ቀለበቱ የተያያዘው በብየዳ ነው። ማስበየጃ 80 ብር። እንደገና ተላቀቀ፤ ሌላ 80። እጀታው ተሰነጠቀ፤ 100። ስለቱ ደግሞ ጠጠር በነካ ቁጥር ይታጠፋል። መስከረም ሳይጠባ 710 ብር በልቶ ተጣለ። በጣም ነው የቆጨኝ።

መስከረም 2017 ወንድሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይዞኝ ሄደ። ብረት ቀጥቃጩ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀለበቱንም ከዚያው ብረት አውጥቶ ዓይኔ እያየ ሠራልኝ። እነዚህን ሰዎች ድሮ በሥራቸው እየተጠቀሙ ይሰድቧቸው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው ሳይ አክብሮቴ ይጨምራል። ዶማው 800፣ የወይራ እጀታው 150፣ በድምሩ 950 ብር። ከዚያ ወዲህ ያወጣሁበት ስለቱን ለማሳል የከፈልኩት 50 ብር ብቻ ነው። አንዱ 710 ብር ወጥቶበት በሦስት ወር ሞተ። ሌላው 1,000 ብር ወጥቶበት ዛሬም ይቆፍራል።

ባሌስትራ የመኪናውን ጭነት እየተሸከመ እንዲለጠጥ ተብሎ ካርቦን በዛ ካለው ብረት ስለሚሠራ፣ በእሳት ግሎ ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። ተራ ላሜራ እንዲህ አይሆንም።

ችግሩ ባሌስትራ ነው የተባለው ሁሉ ባሌስትራ አለመሆኑ ነው። ጎረቤታችን ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ በ900 ብር ተሸጦላታል። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ካያችሁ እለፉት። በድንጋይ መታ መታ አድርጉት፤ ጥሩው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ሞረድ ይዛችሁ ሂዱና ስለቱ ላይ ሞክሩ። ሞረዱ የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ የሚበላው ከሆነ ተመለሱ። ቀለበቱ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ካለ ደግሞ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

የሱቁ የሚሻልበት ቦታ የለም አልልም። ቀላል ነው። እናቴ የባሌስትራውን ለረጅም ሰዓት ማንሳት ይከብዳታል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በጆንያና በጣሳ ለምታለሙም ትንሿ የሱቅ መኮትኮቻ ትበቃችኋለች። ለተቆፈረ አፈር ሌላ ምን ያስፈልጋል?

አሁን ዋጋው በመቶኛ ሲታይ ተቀራርቧል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ተወዷል። ባለፈው ሳምንት ስጠይቅ የሱቁ 750 ብር ገብቷል፤ የባሌስትራው ያለ እጀታ 1,100። ተከራከሩ፤ እኔ ፊት አንዱ ደንበኛ በ950 ወስዷል።

እጀታውን ለብቻ ግዙ። ባሕር ዛፍ 80 ብር ነው ብለው ያሳዩአችኋል፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተርና ዶማው ከእጃችሁ ይወልቃል። ልጆች አጠገባችሁ ቆመው የሚያርሙ ከሆነ ይህ አደጋ ነው። የደረቀ ወይራ ጠይቁ፤ ሽብልቁንም እዚያው ያስገቡላችሁ። ለሽብልቅ አያስከፍሉም።