«የባለሙያ ጥቅል» ተብሎ ስለሚሸጠው ከርል ማድረጊያ ብረትና ክብ ብሩሽ

ከርል ማድረጊያ ብረትንና ክብ ብሩሽን በአንድ ሳጥን አሽጎ «የባለሙያ ጥቅል» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ። እኔ የገዛሁት ጥቅል ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው አብዛኛውን አያሟላም፤ ሻጩም ዕቃውን መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም።

ትልቁ ጉድለት ሙቀቱ ላይ ነው። የብረቱ መስኮት ሙቀቱ ከ120 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚስተካከል ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ቢቀያየርም የብረቱ ግለት አይቀየርም። መስኮቱ 140 እያለ ነጭ ሶፍት ብቆነጥጥበት ወዲያው ቡናማ ሆነ። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ሙቀት በውስጡ ያሉትን የሃይድሮጅን ትስስሮች ለጊዜው ይፈታቸዋል፤ ፀጉሩ እንደተጠቀለለ ሲቀዘቅዝም ትስስሮቹ በአዲሱ ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። ለቀጭን ወይም ቀለም ለተቀባ ፀጉር ለዚህ 150 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ወፍራምና ጠንካራ ፀጉርም ቢሆን ከ190 በላይ እምብዛም አያስፈልገውም። ብረቱ ወደ 230 ሲጠጋ ግን የሚፈርሰው ኬራቲኑ ራሱ ነው። በደንብ ያልደረቀ ፀጉር ከሆነማ ጉዳቱ ከዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ይመጣል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ አረፋ መሰል ክፍተት ይፈጥራል፣ ፀጉሩም ከዚያው ላይ ይሰበራል። እንዲህ የተሰበረውን ፀጉር የትኛውም ቅባት አይጠግነውም፤ ቆርጦ እንደገና ማሳደግ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ይህንን ለሻጩ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ «የፀጉርሽ ዓይነት ነው» የሚል ነበር፤ ሶፍቱን ያቃጠለው ግን የእኔ ፀጉር አይደለም።

«ሴራሚክ» የተባለውም አሉሚኒየም ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ሆኖ ተገኝቷል። መቆንጠጫው በሚያርፍበት መስመር ላይ እንደ ቅርፊት መላጥ ጀምሯል፤ የተላጠው ጠርዝም ፀጉር እየያዘ ይነጫል።

ብሩሹን በተመለከተ፣ ጥርሶቹ ንጹሕ የአሳማ ጠጉር ናቸው ተብሎ ተጽፏል። አንዷን ነቅዬ በእሳት ስነካት ቀልጣ ትንሽ ጠጣር ኳስ ሠራች። እውነተኛ ጠጉር ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸት፣ በጣት ሲነካም እንደ አመድ ይፈረፈር ነበር። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ የፎን ሙቀት ሲያገኘው ይጣመማል፤ የተጣመመ ጥርስ ደግሞ የተጠቀለለውን ፀጉር ቆልፎ ይይዛል፣ ለማስለቀቅም መጎተት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ሻጩ ብረቱን እዚያው ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቁጥር ላይ በነጭ ሶፍት ሞክሩት። እጀታው ላይ የታተመውን ቮልትም አንብቡ፤ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ብረት 220 ላይ ሲሰካ ከታሰበለት አራት እጥፍ ገደማ ኃይል ስለሚስብ አደጋው ከፀጉር አልፎ ለእጅና ለቤት ይተርፋል። የዋስትና ወረቀቱንም ከክፍያ በፊት ተቀብላችሁ አንብቡ፤ የእኔው በደቃቅ ጽሑፍ ሽፋኑን፣ ገመዱንና ብሩሹን አይመለከትም ይላል፤ እነዚህ ከወጡ ደግሞ የሚቀረው እጀታው ብቻ ነው። ዕቃውን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ በሶፍት ሳትሞክሩት በራሳችሁም ሆነ በልጆቻችሁ ፀጉር ላይ አትጠቀሙበት፤ ደረሰኙንና ሳጥኑንም አትጣሉ።