ጀርመንታውን ወይስ ውድብሪጅ? ልጆች ላሏቸው ቤት ገዢዎች

ዲሲ ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ስለ ትምህርት ቤት ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ረቡዕ ማታ፣ በፈረንጆቹ 6 ሰዓት ላይ፣ ልጁን ልምምድ የሚያደርሰው ማነው?

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲወደዱ ሰዉ ወደ ዳር ወጣ። አንዱ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ጀርመንታውን (ሞንትጎመሪ ካውንቲ)፣ ሜሪላንድ፤ ሌላው በ95 አውራ ጎዳና ወደ ውድብሪጅና ጎረቤቷ ዴል ሲቲ (ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ)፣ ቨርጂኒያ። እኛ ውድብሪጅ ሁለት ዓመት ተከራይተን ኖረናል፤ የገዛነው ግን ጀርመንታውን ነው። ወደዚያ ባደላ አትፍረዱብኝ።

ቤቱን ብቻ ካያችሁ ዴል ሲቲ ይሻላል። ጀርመንታውን ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) በሚገዛ ገንዘብ እዚያ ብዙ ጊዜ ያረጀ ቢሆንም ግቢ ያለው፣ ለብቻው የቆመ ቤት ይገኛል። የሰፈሮቹ ስም በፊደል ተራ ነው፦ አሽዴል፣ በርችዴል፣ ክሎቨርዴል እያለ ይቀጥላል። ልጄ ኤቢሲዲን የያዘው በመኪና መስኮት ነው።

ኳስ ላበደ ልጅ ግን ጀርመንታውን ወደር የለውም። በ2000 የተከፈተው ሶከርፕሌክስ የሚባለው የኳስ ማዕከል ከ20 በላይ ሜዳ አለው። የሴቶቹ ቡድን ዋሽንግተን ስፒሪት ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት የተጫወተው እዚያ ነው። በዚያው ፓርክ ቤት ውስጥ የሚዋኙበት ገንዳ፣ የትንንሾች ውሃ መራጫና ሚኒ ጎልፍ አለ። አንዱ ሲጫወት ሌላው አያለቅስም።

ለጀማሪ ሬክ፣ ማለትም ሁሉም ልጅ ተመዝግቦ የሚጫወትበት የሰፈር ሊግ፣ ይበቃዋል። ኤምኤስአይ የሚባለው የእግር ኳስ ድርጅት ከ1971 ጀምሮ የካውንቲውን ልጆች ሲያጫውት ኖሯል። ትራቭል ቲም፣ ልጆች ተመርጠው የሚገቡበትና ሌላ ከተማ ድረስ እየሄደ የሚጫወት ቡድን፣ ግን በዓመት ሺዎች ዶላር ይበላል። እኛ ለአንድ ክለብ ያን ሁሉ ከፍለን ልጃችን ሲዝኑን ሙሉ ቤንች ሲያሞቅ ከረመ። ጨዋታው ደግሞ እሁድ ሊውል ይችላል። ቅዳሴ ወይስ ኳስ እያላችሁ በጠዋት መጨቃጨቅ ነው።

በጀት ለሚቆጥር ቤተሰብ የእኔ ምርጫ የሰመር ዋና ነው። ኤችኦኤ (ለሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈል መዋጮ) የምትከፍሉበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ገንዳ አለው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዳው የዋና ቡድን እንዳለው ጠይቁ። የሞንትጎመሪ የገንዳዎች ሊግ ከ1958 ጀምሮ አለ፤ ፕሪንስ ዊሊያምም የራሱ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ የውድድርና የመስመር ቁጥራቸው ክንዳቸው ላይ በማርከር ተጽፎ፣ ፎጣ ተከናንበው ይሰለፋሉ። ዋና የማይችል አባት ሰዓት ያዥ ተብሎ ገንዳው ዳር ሲቆም ጉልበቱ ይርዳል። እኔው ነኝ።

ለቤተሰብ መዝናኛ ሚዛኑ ወደ ውድብሪጅ ይሄዳል። ፕሪንስ ዊሊያም ፎረስት ፓርክ 37 ማይል የእግር መንገድ ያለው ደን ነው። በ1930ዎቹ የተሠሩት ጎጆዎቹ ዛሬም ይከራያሉ። መግቢያ ያስከፍላል፤ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ግን የፌዴራሉን ነጻ ፓስ ከኢንተርኔት አውጡና መኪና ሙሉ ሆናችሁ ግቡ። ሌሲልቬኒያ በሚባለው ፓርክ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ዓሣ ይጠመዳል፣ መዋኘት ግን ክልክል ነው። ጀርመንታውንም ባዶ አይደለም፦ ብላክ ሂል ፓርክ ሐይቅ አለው፣ በትለርስ ኦርቻርድ እርሻ ደግሞ ስትሮቤሪ ትለቅማላችሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ታክሱን ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ታክስ ታስከፍላለች፤ ልጅ ለማመላለስ ሚኒቫን የጨመረ ሰው ይሰማዋል። ሜሪላንድ ይህ የለባትም፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ከገቢያችሁ ከ3 በመቶ በላይ ይወስዳል።

አሁን ወደ ረቡዕ እንመለስ። ሥራችሁ ሮክቪል ወይም ጌተርስበርግ ከሆነ ጀርመንታውን፤ ፎርት ቤልቮር ወይም ስፕሪንግፊልድ ከሆነ ውድብሪጅ። ሁለታችሁም ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱም መንገድ ያማርራል። ወደ ዲሲ የሚወስዱ ባቡሮች፣ ከጀርመንታውን ማርክ፣ ከውድብሪጅ ቪአርኢ፣ አሉ፣ ግን ልጅ ልምምድ አያደርሱም። ቤት ለማየት እሁድ ብቻ አትሂዱ። ረቡዕ ከሥራ እንደወጣችሁ ቀጥታ ወደ ሜዳው ንዱ። እኛ ውድብሪጅ እያለን አንድ ማታ ልጁን ሥራ ቦታዬ አቅራቢያ ከአክስቱ ቤት አንስቼ 95 ላይ ቆመን ቀረን። ታኬታውን መኪና ውስጥ አስሮ ጨርሷል። ስንደርስ አሰልጣኙ ኮኖቹን እየሰበሰበ ነበር።