ቴስቶስትሮን ላነሰባቸው ወንዶች፦ መርፌ ወይስ ጄል?

ምርጫው የሚመጣው ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተሰጠ ደም ቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) ማነሱን ካሳየ በኋላ ነው፤ ድካም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መርፌ፦ ረከስ ይላል፤ በአብዛኛው በየ1 ወይም በየ2 ሳምንቱ ይወጋል። ችግሩ መዋዠቁ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበት ይጨምራል፣ ቀጣዩ ሲቃረብ ሰውየው ይዝላል፣ ይነጫነጫል። በሐኪም ትእዛዝ መጠኑን ከፍሎ በየሳምንቱ መውጋት ይህን ያለዝበዋል። ደም በማወፈርም ከጄል ይብሳል፤ ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ የሚይዙት ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል።

ጄል፦ ውድ፣ ግን የተረጋጋ። በየጠዋቱ ትከሻ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፣ በልብስ ይሸፈናል፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል። አያት የልጅ ልጁን በተራቆተ ትከሻው ካቀፈ ሆርሞኑ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

ገና መውለድ ለሚፈልግ ሁለቱም አይሆኑም፤ የወንድ ዘር መመረትን ይገታሉ። ሕፃን ላለበት ቤት መርፌ፣ ደሙ ወፈር ላለ ሰው ጄል ይቀላል።