ባቲን የተማርኩባት ጠባብ ክፍል

ደሴ ሙጋድ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ታፔላ የላትም። በሩ አጠገብ የፈረስ ጭራ ተሰቅሎ ካያችሁ ደርሳችኋል። ማሲንቆ ይሠራባታል፣ ይጠገንባታል፣ ደግሞም ይማሩባታል። እኔ ከኮምቦልቻ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ስምንት ሳምንት ተምሬባታለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ለጥገና ነበር። ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ፣ ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ማሲንቆ ገዝቼ ነበር። ቀለሙ ያምራል፣ ድምፁ ግን የለም። ጋሼ (ሠሪውን ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ተቀብለው ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ክሩን ዳሰሱና «ይሄ ናይለን ነው የኔ ልጅ፤ ለግድግዳ ነው የተሠራው» አሉኝ። ሊጠግኑልኝ ይችሉ ነበር፤ ገንዘቤንም ይቀበሉኝ ነበር። ግን በቅንነት አያዋጣሽም አሉኝ።

አዲሱን በ4,200 ብር ሠሩልኝ። ሳጥኑ ዋንዛ ነው፣ በሁለት በኩል የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል። ክሩም የደጋኑም ጅማት የፈረስ ጭራ ነው። ጭራው ብቻውን ድምፅ አያወጣም፤ ያንሸራትታል። እጣን ሲታሽበት ነው ክሩን የሚይዘው። ያችን ቁራጭ እጣን ጋሼ በጨርቅ ቋጥረው በነፃ ሰጡኝ።

ትምህርቱ በሰዓት 250 ብር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለ ትምህርቱ ብዬ ነው።

እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ። ሰኞ ገበያችን ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲገናኝ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሠርግ ላይ «ባቲን ምታልን!» ሲባል አንድ የታወቀ ዘፈን የሚጠራ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ዘፈን ተጫወቱልኝ። አንዱ ቀስ ያለ፣ እንባ የሚያመጣ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ። ሦስተኛው ትከሻ ዝም የማያሰኝ ችክችካ። «ሦስቱም ባቲ ናቸው» አሉኝ። ባቲ ቅኝት ነው፣ ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ፣ እንጂ ዘፈን አይደለም፤ እንደ ትዝታ፣ እንደ አምባሰል፣ እንደ አንቺ ሆዬ።

ጋሼ ዶሬሚ አይቆጥሩም። እኔ ግን ቤት ስገባ የልጄ ኪቦርድ ላይ ፈለግኩት። የምንጫወተው ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ነው። ትዝታው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ ነው፤ ሬ እና ላ ወጥተው ፋ እና ሲ ሲገቡ ሌላ አገር ነው የሚሆነው። የባቲን ሚ እና ሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረጋችሁ ደግሞ ሌላኛው፣ ሐዘን የሚበዛበት ባቲ ይመጣል። ይህን ሳገኝ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነበር። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሰማሁት።

በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነው። የተማርኩት የጭፈራ ዜማ አራት ሐረግ አለው። ጋሼ እያንዳንዷን ከየት እንዳገኟት ይናገራሉ። የመጀመሪያዋን ከአጎታቸው ነው፣ አምባሰል ወረዳ ሠርግ ላይ። ሦስተኛዋን በደርግ ዘመን ከወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ተጫዋች እጅ እያዩ ቀድተዋል። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ደጋኑን አቆሙና «ይቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ካልወደድሻት ተያት» አሉኝ። እኔ አልተውኳትም። ግን እንዲህ ለይቶ የሚነግር ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። ሌላ ቦታ ስጠይቅ «የሕዝብ ነው» ተብዬ ነው የምታለፈው። ሕዝቡ እኮ አጎት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ እጁን አይተው የቀዱለት ሰው አለ! ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁር ሰምቶ የማያለቅስ ወሎዬ የለም፤ እሷም የሰማቻቸው ሰዎች ነበሯት።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው «ሴት ማሲንቆ?» ይለኛል። ጋሼ አንድም ቀን አላሉኝም። እጄን ነው ያዩት። ጣት ክሩን ከጎን ነው የሚነካው፤ እንደ ጊታር እንጨቱ ላይ አይጫንም። እሱን ለመልመድ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እሳቸው አልሰለቹም። ቃኚው የዘፋኙ ድምፅ ነው ብለው መጀመሪያ እኔን አዘፈኑኝ፣ ከዚያ ክሩን በድምፄ ልክ ወጠሩት።

ጉድለቱን ልናገር። ክፍሉ ይጨልማል፣ ይበርዳልም። መብራት ከጠፋ በሩ ተከፍቶ ነው የምትማሩት፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ። ቀጠሮ ብዙ አይከበርም። ሁለት ቀን ከኮምቦልቻ ድረስ ወጥቼ አንድ አንድ ሰዓት ጠብቄያለሁ። ስልክም ሥራ ላይ ከሆኑ አያነሱም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ቆዳው እርጥበት ስቦ ላላብኝ፤ ድምፁ ታፈነ። ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጌ ሳሞቀው ተመለሰ። ይህን ሲሸጡልኝ ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደነገጥኩ።

ቢሆንም ሂዱ። ልጅ ላለው በተለይ እላለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ሰው አይበዛም፣ ጋሼም ቡናቸውን እየጠጡ የሚያወሩት ያኔ ነው።

ከአራቱ ሐረጎች ሁለተኛዋን አልነገርኳችሁም። ልጅ ሆነው ከአንድ መንገደኛ አዝማሪ ነው የሰሟት፤ ስሙን አልጠየቁትም። እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ስወጣ «አክስትሽ ባቲ አሉ አይደል? አጫውቺያቸውና ማን ይመታት እንደነበር ጠይቂልኝ» አሉኝ። የፊታችን ሰኞ ማሲንቆዬን ይዤ እሄዳለሁ።