የኪሱ ዳዊት፦ ይዘቱ ሸጋ፣ ጥራዙ የሚያናድድ

ለሁዳዴ ብዬ የገዛሁት ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የሆነ የኪስ ዳዊት እንዴት ነው ላላችሁኝ፦ ይዘቱ ሙሉ ነው፣ አማርኛው አይጎረብጥም፣ ጥራዙ ግን ያናድዳል።

ሙጫ ብቻ ነው የያዘው፣ በክር አልተሰፋም። ዳዊት ደግሞ አንዴ አንብበው የሚያስቀምጡት መጽሐፍ አይደለም፣ በየቀኑ ይገለጣል። የኔው ጾሙ ሳይጋመስ ማክሰኞ የሚደገመው ክፍል ላይ ተገነጠለ፤ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው። ከመዝሙር 31 እስከ 60 የሚደገመው ማክሰኞ አይደል፣ የንስሐው መዝሙር 50ም እዚያው ውስጥ ነው፤ ንስሐ ገብቶ ቀኖና (የንስሐ አባቱ የሚያዝዘውን ጸሎትና ስግደት) የተቀበለ ሰው ደግሞ ያንን ገጽ በሌላውም ቀን ይገልጠዋል። (51 ብላችሁ የለመዳችሁ፣ ያው እሱ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁጥር በአንድ ስለሚበልጥ ነው።)

የዚሁ የመዝሙር 50 አርእስት በጣም በደቀቀ ፊደል ነው የገባው፣ ይሄ አይገባም ነበር። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ ባሏን ጦር ሜዳ ላይ አስገድሎ፣ ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ከነገረው በኋላ የጸለየው መሆኑን ሳያውቁ መድገም ብዙ ያስቀራል። እዚህ ላይ ሁሌ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጥፋቱን ከመናገሩ በፊት ምሕረት ይለምናል፣ ያውም «እንደ ቸርነትህ መጠን» ብሎ። እንደ ጸጸቴ መጠን፣ እንደ ስግደቴ መጠን አላለም። እኛ ግን የታዘዝነውን ስግደት እንደ ባንክ ዕዳ ቆጥረን ስንጨርስ «በቃ፣ ከፈልኩ» እንላለን። ጸጋ ወይስ ሥራ እያላችሁ ቲክቶክ ላይ የምትሞላለጩም፣ ሁለታችሁም ወገኖች፣ እስቲ መጀመሪያ ይቺን ድገሟት።

መዝሙራቱን ብቻ ይዘው የሚወጡ እትሞች አሉ፤ ይሄኛው ግን መኃልየ ነቢያትን፣ ማለትም የነቢያትን መዝሙርና ጸሎት፣ ሳይቆርጥ አስገብቷል፣ እኔም የገዛሁት ለጸሎተ ምናሴ ስል ነው። ምናሴ ይሁዳን 55 ዓመት የገዛ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጣዖት ያቆመ፣ ልጆቹን በእሳት ያሳለፈ ንጉሥ ነው። በሰንሰለት ታስሮ ባቢሎን ከተወሰደ በኋላ ነው የተጸጸተው። ኃጢአቴ ከባሕር አሸዋ በዛ ይላል። እስረኛ ነው፣ የሚሠዋው የለው፣ የሚክሰው የለው፣ እጁ ባዶ ነው። ያም ሆኖ ተሰማለት፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ሁለተኛ ዜና መዋዕል 33ን ብታዩ ጣዖቶቹን ከከተማ አውጥቶ የጣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም በቀይ መታተሙ ደስ ይላል፣ ላብ ያለበት ጣት ሲነካው ግን ቀለሙ ይለቃል። ዚፕ ያለው ሽፋኑ ጠንካራ ነው።

ለእናት ለአባታችሁ ከሆነ ይሄን ተዉት፣ ፊደሉን መነጽርም አይችለውም፤ ትልቁን ውሰዱላቸው። ለራሳችሁ ከሆነ በክር የተሰፋ እንዳለ ጠይቁ፣ ከመክፈላችሁ በፊትም መሃሉን ገልጣችሁ እዩ፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም።