ሁሉን ያካተተ የተባለው የዛንዚባር ጥቅል

ለገጣፎ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ካለ አንድ የጉዞ ወኪል «ሁሉን ያካተተ» የተባለውን የዛንዚባር የአምስት ሌሊት ጥቅል የገዛነው፣ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ካወጣንና ካወረድን በኋላ ነበር። የቢሮው ሠራተኞች ትሑታን ቢሆኑም ዋናውን ጉዳይ አልነገሩንም፤ ሆቴሉ የሚገኘው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ በተባለው መንደር በመሆኑ ውኃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሸሸ ከዳርቻው እጅግ ይርቃል። በመጀመሪያው ቀን ፎጣችንን ትከሻችን ላይ ጥለን ስንወርድ የጠበቀን ባሕር ሳይሆን፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም የሚሰበስቡበት እርጥብ አሸዋ ነበር። እይታው ግሩም መሆኑን አልክድም፤ መዋኘት ግን አይቻልም። በቀኑ በማንኛውም ሰዓት መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ጫፍ ያሉትን ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ እዚያ የውኃው መሸሽ ይህን ያህል አያስቸግርም።

ጉዟችን በፍልሰታ ላይ ስለዋለ የጾም ምግብ ነገር አሳስቦኝ ነበር፤ ሆኖም በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከሩዝ ጋር በየምሳው ይቀርብ ስለነበር አልተቸገርንም፤ እንዲያውም ባለቤቴ አሠራሩን ከወጥ ቤቱ ጠይቃ መጥታለች። ቡናው ግን በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው።

«ሁሉን ያካተተ» የሚለውም ቃል በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚዎች ሁሉ እንዲገዙት የተደነገገውን የ44 ዶላር መድን ለብቻው ከፍለናል፤ የጀልባ ሽርሽሩም እንደዚሁ። ከመክፈልዎ በፊት ያልተካተተውን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ካሉት ወራትም ይራቁ።